ሰማያዊው ብየዳ

ዓምሃ ያን ፍሬም የገዛ ዕለት ከሻጩ ጋር አልተከራከረም፤ ይህ ብቻውን ጤነኛ እንዳልነበረ ያሳያል። አዲሱ ገበያ ላይ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ብስክሌት ሲጠግን የኖረ፣ ለአንዲት ብሎን ሦስት ሱቅ የሚያዳርስ ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ግን ዊንጌት አካባቢ ሙሐዲን ከሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ጎራ ብሎ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከሞቱ ፍሪጆች መሃል አረንጓዴ የአጥር ቀለም የተለቀለቀ የማውንቴን ብስክሌት አየ። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። በአንድ እጁ ብድግ ሲያደርገው ክብደት አጣበትና ክንዱ ሽቅብ ሄደ።

«አልሙኒየም ነው» አለ ሙሐዲን፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። «አንድ ፈረንጅ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ነው። ማግኔት አይዘውም፣ ሞክሬዋለሁ።»

አልሙኒየም አልነበረም። ዓምሃ ከታች በኩል ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ቢያደርገው አመድማ፣ አንዲት የዝገት ነጥብ የሌለበት ብረት ብቅ አለ። ፔዳሉ ከሚገባበት ሥርም ቲ እና አይ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተመትተውበታል። ቲታንየም ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ባሕር ማዶ በእጅ የተሠራ፣ ዓምሃ በስልክ ካልሆነ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ነገር። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት ፈርቶ የተጠራለትን ዋጋ ከፈለና በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። የታክሲው ረዳት «ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ሒሳብ አለው» ሲለው እንኳ እንደ ልማዱ አልተቆጣም።

ፍሬሙ ለእህቱ ለሮሐ ነበር። እናታቸው ስትሞት ሮሐ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዓምሃ ነው ፀጉሯን መጎንጎን ሳይቀር ተምሮ ያሳደጋት። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ነፍሷ ብስክሌት ላይ ናት፤ ሜዳ ላይ አይደለም፣ ከእንጦጦ ጫካ በድንጋይና በሥር መሃል ቁልቁል መወርወር ነው የምትወደው። የምትጋልበው የብስክሌት ክለቧን ውሰት ነበር፣ እንደ በሬ የከበደ። በወሩ መጨረሻ እሑድ የቡድን ማጣሪያ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ከወጣቶቹ ምድብ ያልፋል። እንግዲህ ያለቻት ዕድል ያቺው አንዷ እሑድ ናት፣ ዓምሃም ይህንን ያውቃል።

የዓምሃ ሱቅ፣ ሱቅ ከተባለ፣ ብስክሌት ሲገባ እሱ የሚወጣበት ጠባብ ቦታ ነው። ትልልቁን ሥራ የሚሠራው ጎን ለጎን ባለው በጋሽ ዱጉማ የብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ዱጉማ በጉብዝናቸው ወራት ከሱሉልታ ወርደው ያን ቤት ከከፈቱ አርባ ዓመት አልፏል፤ የሠፈሩ በርና የመስኮት ብረት እኩሌታው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ዓምሃን አባቱ በሞተ ዓመት ወስደው ብየዳ አስተማሩት፤ ልቡ ወደ ብስክሌት ሲያደላ ደግሞ ሳይቀየሙ ከግቢያቸው ጥግ ቆርሰው ያቺን ሱቅ ሠሩለት። ኪራይ ጠይቀውት አያውቁም። ዓምሃ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ሰው ቢኖር እሳቸውን ነው፤ ተቆጥተውት ስለሚያውቁ አይደለም፣ ተቆጥተውት ስለማያውቁ ነው።

ቀለሙን ማስለቀቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ከአረንጓዴው ሥር ቡኒ፣ ከቡኒው ሥር በማጣበቂያ የተለጠፈ ጨርቅ ነበረ፤ ከሁሉም በታች ግን ያ አመድማ ብረት ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል። በብርጭቆ ወረቀትና በውኃ አንድ አቅጣጫ እየያዘ ሲያሸው የጠዋት ሰማይ የመሰለ ለስላሳ ብርሃን አወጣ። መከራው የኮርቻው ዘንግ ነበር። ዘንጉ አልሙኒየም ነው፣ ቲታንየሙ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነክሶ ይዞታል። ዘይት ቢያጠጣው፣ የፈላ ውኃ ቢያፈስበት እምቢ አለ። በመጨረሻ የሰጌቶ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ከውስጥ በኩል ሁለት ቀን ሙሉ ሲሞርደው ዋለና ዘንጉን ለሁለት ሰንጥቆ አወጣው። እጁ ደማ። ወዲያው ግን ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ላይ፣ ዘንጉ ይዞት በነበረው ቦታ፣ ግማሽ ጣት የምታህል ክር የመሰለች ስንጥቅ አየ።

ቲታንየም እንደ ብረት አይበየድም። ይህን ያወቀው ኖህ ከሚባል የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ኖህ የአውሮፕላን ክፍሎች ይበይዳል። «ይሄ ብረት ሲግል አየር ይጠጣል» አለው። «ከውስጥም ከውጭም በጋዝ ካልሸፈንከው አለቀለት። አንተ እንዳትነካው። ሐሙስ አምጣልኝ፣ የጓደኛዬ ወርክሾፕ ውስጥ እሠራልሃለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቀላል ነበር፤ ያከበደው ዓምሃ ራሱ ነው። ጋሽ ዱጉማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፍሬም በእጃቸው እየዳበሱ «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እ... ምንም፣ ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ ቀስ ብዬ አያታለሁ» አላቸው። ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው ማለት ከአንደበቱ አልወጣም። በሳቸው ቤት፣ በሳቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ሌላ በያጅ ዘንድ ሲሄድ ምን ይላሉ? በዚያ ላይ የዓይናቸው ነገር አለ። አንደኛውን ዓይናቸውን የሞራ ቀዶ ጥገና ተደርገው እምብዛም አልተሻላቸውም፣ ሁለተኛው እየደፈረሰ ነው። ልጃቸው ውባለም የብየዳ ቤቱን ዝጉ እያለች በመጣች ቁጥር ታለቅሳለች፤ እሳቸው ደግሞ «ገና ከአንቺ ዓይን የኔ ይበልጣል» ይሏታል። ይሉኝታ መቼም የያዘው ሰው ይሉኝታ መሆኑን አያውቀውም፤ ደግነት ይመስለዋል።

ሰኞ ጠዋት ዓምሃ ሲገባ ፍሬሙ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎለት ተኝቷል። ጋሽ ዱጉማ ከጎኑ ቆመው ሣቅ ሊያመልጣቸው ደርሷል።

«ልታስቸግረኝ ፈርተህ ነው አይደል? ጉርባ» አሉት፤ በልጅነቱ በኦሮምኛ «ልጁ» እያሉ እንደሚጠሩት። «ሃያ ዓመት አብረን ኖረን አንዲት ስንጥቅ ይበይዱልኝ ማለት ያሳፍርሃል? በል እየው።»

ዓምሃ አየው። ለስቴንለስ መወጣጫ በሚጠቀሙበት የአርጎን ማሽን ነው የሠሩት። ስንጥቋ ጠፍታለች። በቦታዋ እኩል እኩል የተደረደረ፣ ዳርና ዳሩ ወርቅማ፣ መሃሉ ጥልቅ ሰማያዊ የሆነ፣ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ብየዳ አለ። በስቴንለስ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ያወጣ በያጅ ደንበኛ ጠርቶ ያሳያል። ጋሽ ዱጉማም ጠርተው ነበር፤ ጎረቤቶቹ መጥተው አይተው አድንቀው ሄደዋል።

«ቀለሙ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ። «ሰዎቹ ሰማያዊ ነው አሉኝ።»

«ሰማያዊ ነው» አለ ዓምሃ። «እጅዎ ይባረክ።»

ውጭ ወጥቶ ፎቶውን ለኖህ ላከ። ኖህ ጽፎ መመለስ ትቶ ደወለ። «ማን ነው ይሄን ያደረገው? ሰማያዊ ማለት ጠጥቷል ማለት ነው። ብርጭቆ ሆኗል። ደህና ይመስላል፣ ይይዛል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሳይነግርህ ለሁለት ይሆናል። ደግሞ አሁን በላዩ መበየድ አይቻልም፣ ቱቦው ተቆርጦ መቀየር አለበት፣ ቱቦው ደግሞ እዚህ አገር የለም። ማንም እንዳይነዳው።»

«እሺ» አለ ዓምሃ። እሺ ያለው ለኖህ ነው፤ ለራሱ ምንም አላለም። አጥሩን ተደግፎ ቆሞ የተሰማው ነገር ሐዘን ነበር። ለፍሬሙ አዘነ፣ ለሮሐ አዘነ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ ሣቅ ያመለጠው የሽማግሌ ፊት ሲጨልም ለማየት አቅም አጣ። ዛሬ ደስ ብሏቸዋል፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አለ።

ማክሰኞ ውባለም መጣች። ጋሽ ዱጉማ ገና ከበር ሳትገባ ጎትተው ወስደው ብየዳውን አሳዩዋት። «ዓይኑ አያይም ያልሽው ሰውዬ የሠራው ይሄውልሽ። የፈረንጅ ብረት ነው። ዓምሃን ጠይቂው።» ውባለም ወደ ዓምሃ ዞረች፤ ዓምሃም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሴትዮዋም «እንግዲያው ለዘንድሮ መዝጋቱን ተዉት፣ አባዬ» አለች። ሽማግሌው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሲያንጎራጉሩ ዋሉ። እንዲህ ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ የዓምሃ ዝምታ ዋጋው ወደ አንድ የብየዳ ቤት አደገ፤ አሁን እውነቱን ቢናገር ቤቱ ይዘጋል።

ለሮሐ የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬታ አልተገኘም ብሎ ዋሻት። ውሸቱ መጥፎ አልነበረም፤ ሮሐ ግን ሐሙስ ዕለት ከክለቡ ፎርኬታ ለምና፣ በታክሲ አቅፋው መጣች። «ጋሽ ዱጉማ ስልክ ደውለውልኝ ነው» አለች፣ ዓይኖቿ እያበሩ። «ፍሬሙ አልቋል፣ ዓምሃ ነው የሚያንቀረፍፈው አሉኝ።»

ዓርብ በገዛ እጁ ገጣጠመው። ይህ ነው በኋላ ከሁሉ የከበደው። ሮሐ አንድ ጎን፣ ሽማግሌው ሌላ ጎን ተቀምጠው እያዩት ፎርኬታውን አስገባ፣ መሪውን አሰረ፣ ፍሬኑን ሳበ፣ ካምቢዮውን አስተካከለ፣ ካቴናውን ዘይት ቀባ። እጁ ሥራውን ያውቃል፣ አያቆምም። ኮርቻውን ሲያጠብቅ ሰማያዊው ብየዳ ከዓይኑ ሥር አንድ ጣት ርቀት ላይ ነበር። ብስክሌቱ ሲቆም እንዲህ ያማረ ነገር ከእጁ ወጥቶ እንደማያውቅ አየ፤ ማማሩም አናደደው።

«ሜዳ ለሜዳ ብቻ ሞክሪው እሺ?» አላት ማታ ቤት። «ገና አዲስ ነው።»

«እሺ፣ ዓምዬ።»

እሺታዋ እንደማይታመን ያውቃል። ቅዳሜ ማለዳ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ የግቢውን በር የከፈተላት እሱ ነው። አፉን ከፈተ፤ «ሄልሜትሽን እሰሪ» አለና ዘጋው። ከዚያ ሱቁ ሄዶ ተቀመጠ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣውን ሰው መለሰ። ስልኩን ደጋግሞ አየ፣ አንድ ጊዜ ሊደውል ብሎ ቁልቁል እየተወረወረች ስልክ ብታነሳስ ብሎ ተወው። ወደ እንጦጦ አቅጣጫ አምቡላንስ ሲጮኽ ሰምቶ ብድግ አለ፤ ወደ ሌላ በኩል ሲታጠፍ ተመልሶ ተቀመጠ። እግዚአብሔርን ለመነ። ልመናው እንኳ ደፋር አልነበረም፤ ደህና ትምጣልኝ አለ እንጂ እውነቱን እንድናገር ድፍረት ስጠኝ አላለም።

እኩለ ቀን ላይ መጣች። ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ጥርሷ ብቻ እየታየ፣ ብስክሌቱን እየገፋች የብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዓምሃ ሲያያት እንባው መጣ፤ አቧራ ገባኝ ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«ሦስት ጊዜ ወረድኩ፣ ጋሽ ዱጉማ» አለች። «ሦስቱንም ማንም አልደረሰብኝም። ነገ እበላቸዋለሁ። ብቻ ትንሽ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከኮርቻው ሥር።»

«ኮርቻው ላልቶ ነው» አሉ ጋሽ ዱጉማ በኩራት። «ዓምሃ፣ አጥብቅላት።»

ዓምሃ መፍቻውን ይዞ ጎንበስ አለ። ከሰማያዊው ብየዳ ጠርዝ ላይ ትናንት ያልነበረች ፀጉር የምታህል መስመር አለች። በአውራ ጣቱ ጫን ሲላት ሲጥ አለች። ሦስት ጊዜ ወርዳለች። በዚህ ላይ ሆና ሦስት ጊዜ።

ቀና ሳይል «ነገ አትነጂውም» አለ።

«ምን?»

«ብየዳው ጥሩ አይደለም።»

ጋሽ ዱጉማ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ጠረጴዛውን እየዳበሱ መጡ። «የማን ብየዳ?» አሉ።

«የእርስዎ» አለ ዓምሃ። «ሰማያዊ መሆኑ... ማለቴ ይሄ ብረት እንደ ስቴንለስ አይደለም። ሰማያዊ ሲሆን ተበላሽቷል ማለት ነው። ብርጭቆ ነው የሚሆነው።»

ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ ቢቆጡ በወደደ። ሽማግሌው ግን «ፍታው» ብቻ አሉት። ጎማውን፣ ፎርኬታውን፣ ሁሉንም ፈታ፤ ሮሐ ቆማ ታየዋለች። ፍሬሙ ባዶውን ሲቀር ጋሽ ዱጉማ ራሳቸው ሞርሳ ውስጥ አስገብተው አጠበቁት፣ መዶሻ አነሡ፣ በግራ እጃቸው ብየዳው ያለበትን ዳብሰው አገኙ።

«ደህና ከሆነ ይችለዋል» አሉና መቱት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመቱት፣ ያውም በዝግታ። ብረት ሲጎብጥ የሚያሰማው ድምፅ አልተሰማም፤ ስኒ መሬት ሲወድቅ እንደሚል ብሎ ለሁለት ሆነ። ጋሽ ዱጉማ መዶሻውን አስቀምጠው ስባሪውን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። የአሸዋ ያህል ይሻክር ነበር። ለረጅም ጊዜ ደባበሱት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

የመለሰችው ሮሐ ናት። «ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር። «ጠዋት በር የከፈትክልኝ አንተ ነህ። ሄልሜትሽን እሰሪ አልከኝ።» ሄልሜቷን ከራሷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስባሪው ጎን አስቀመጠችና ወጣች። ስሟን ጠራ፤ አልዞረችም።

«እኔን ላለማሳዘን ነው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ።

«አዎ።»

«ልጅቷ አንገቷ ቢሰበር፣ ያኔ እኔ ደስ ይለኝ ነበር?»

ዓምሃ አለቀሰ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። ሽማግሌው አላባበሉትም፤ ሞርሳው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን እየቆየ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አንድ ነገር ያስቡ ነበር፣ ባሰቡት ቁጥርም መልካቸው ይጠቁር ነበር።

«ሌላስ?» አሉ።

«ምን ሌላ?»

«ይሄን አምስት ቀን ዝም ካልከኝ፣ ሌላም ዝም ያልከኝ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስበይድ አንድም ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ አልከሰሰኝም። ዓይኔ እየደከመ ሥራዬ እንዴት ተሻለ ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጠየቅሁ። ሌላስ?»

እውነቱን ነው። ዓምሃ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላቸው እየሄደ፣ የላላውን እያጠበቀ፣ ያልያዘውን ደግሞ እየበየደ ኖሯል። ውለታ እየመለሰ ነበር የሚመስለው። አሁን አንድ በአንድ ሲቆጥር ድምፁ እያነሰ ሄደ። «የእነ ሐመልማል የግቢ በር። እሱን ደግሜ ሠርቼዋለሁ። የማዶው ሕንፃ የሦስተኛ ፎቅ መደገፊያ፣ እሱንም። የቄሱ ቤት መሰላል።»

«ያልደገምከውስ?»

«አንድ አለ» አለ ዓምሃ። «የመዋዕለ ሕፃናቱ ዥዋዥዌ። ባለፈው ሳምንት ያስረከቡት። በፍሬሙ ተይዤ አልደረስኩበትም።»

ጋሽ ዱጉማ የብየዳ ጭንብላቸውን ከራሳቸው ላይ አውልቀው ማሽኑ ላይ ሰቀሉት። የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅለው ጠቀለሉና ማሽኑን ለዓምሃ አስታቀፉት። «ሰኞ ልጆቹ ከዕረፍት ይመለሳሉ» አሉ። «አሁን ሄደን አንተ ትሠራዋለህ። ከዚያ ወደ ሌሎቹም ቤቶች እንሄዳለን፣ በየበሩ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከብየዳ ቤቱ ወደ መንገዱ የሚያወርዱት አምስት ደረጃዎች ናቸው፤ አርባ ዓመት በቀን ሃያ ጊዜ ወርደውባቸዋል፣ ማንም ሲደግፋቸው ታይቶ አያውቅም። እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

«ያዘኝ» አሉት። «ደረጃው አይታየኝም።»